ከ33 ተማሪዎች ወዲህ፤ የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ በአገራችን

ለጎልማሶች ትምህርት ጣቢያዎች በራዲዮ የቀረበ ንግግር



ፊደሉን ጨርሳችሁ ቁጥር ወደ መጻፍ ተሻግራችኋል። እንግዲህ ደብተራችሁን ግለጡና 33 ብላችሁ ጻፉ። ሠላሳ ሦስት። ይህ ቁጥር የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት ቤት፣ ያኔ ስሙ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበረው፣ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ትምህርት ሲጀምር የተቀበላቸው ተማሪዎች ብዛት ነው። ለጠቅላላው አገር 33 ልጆች! የእኔ አንድ ክፍል እንኳ ከዚያ በላይ ተማሪ አለው።

የዛሬው ንግግራችን መንግሥት ለከፍተኛ ትምህርት ስለሚያወጣው ዕቅድ ነው። ከዛሬ አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት በኋላ ስንት ሰው ዩኒቨርሲቲ ይግባ? የት ይሠራ? ማን ያስተምር? ከየት ገንዘብ ይምጣ? ነገሩ የሚኒስትሮችና የፕሮፌሰሮች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ልጁን አንደኛ ክፍል ያስመዘገበ ወላጅ ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የዚህ ዕቅድ ባለጉዳይ ነው። እኔም የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ነው የወጣሁት። የዩኒቨርሲቲ ሰው አይደለሁም። ስለ ዩኒቨርሲቲ የምናገረው ከታች፣ ከመጀመሪያው ክፍል ቆሜ እያየሁ መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ለምን እንዲህ አነሰ? ዘመናዊ ትምህርት በአዋጅ ከተጀመረ ቆይቶ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፍተዋል። ከዚያም ወደ ውጭ አገር ተልከው የተማሩ ጥቂት ወጣቶች ነበሩ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሩን ሲይዝ ግን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ የተማረ ኢትዮጵያዊ ተለይቶ ይታደን ነበር። ፈረንጅ አገር ደርሶ የተመለሰ፣ ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ ተጠረጠረ፤ ብዙዎቹም ተረሸኑ። ስለዚህ በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ መንግሥት ጸሐፊ፣ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ዳኛ ያስፈልገዋል፤ ሰው ግን የለውም። የመጀመሪያው ዕቅድ ከዚህ ጭንቅ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ያኔ ምን ተደረገ? ከለገዳዲ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ኮተቤን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። እዚያ ኮተቤ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተለቀሙ ልጆች እዚያ እየበሉ፣ እዚያ እያደሩ ተማሩ። ልብ በሉ፤ መንግሥት ኮሌጅ ከመክፈቱ በፊት ለኮሌጁ የሚሆኑ ልጆችን የሚያደርስ ትምህርት ቤት ከፈተ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር። ቁጥሩ ነው እንጂ ትንሽ የሆነው። ይህን ቅደም ተከተል አስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ያደራጁት ዶክተር ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ የየሱሳውያን ማኅበር አባል ነበሩ። አስቀድመው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ ስለነበሩ የኢትዮጵያን ተማሪ ያውቁታል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሌሎች ኮሌጆች አንድ በአንድ ተከተሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የምሕንድስና ኮሌጅና በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ተከፈቱ። በሐረርጌ ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተመሠረተ፤ ትምህርቱ እ.ኤ.አ. በ1952 በጅማ ተጀምሮ ኋላ ነው ወደ ዓለማያ የተዛወረው፤ የረዳውም በአሜሪካ የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የጎንደሩ የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝቡን ፈጀው። በማግስቱ ዓመት ጎንደር ላይ ኮሌጁ ተከፈተ። ዕቅዱ ‘ሐኪም እስኪበዛ አንጠብቅም’ የሚል ነበር። የጤና መኮንን፣ የገጠር ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ አብረው ሠልጥነው፣ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። ወንበሩ ከመቆጠሩ በፊት በሽታው ተቆጠረ። እኔ እንደማየው በታሪካችን ውስጥ ከታቀዱት የከፍተኛ ትምህርት ሥራዎች ሁሉ ፍሬው ቶሎ ገጠር የደረሰው ይኸኛው ነው።

ከዚያ 1953 እና 1954 ዓ.ም. መጡ። እነዚህ ሁለት ዓመታት ብዙ ነገር ተሸክመዋል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና በወንድማቸው በገርማሜ ንዋይ የተመራው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተደረገ። የኮሌጅ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። መኳንንቱ የተገደሉት ስድስት ኪሎ ባለው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ዓመት ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥቱ ያንኑ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የተበታተኑት ኮሌጆች በአንድ ስም፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃለሉ። አደረጃጀቱን ያጠኑት ከአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም፣ ቀጥለውም ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ሆኑ።

በመካከሉ፣ በግንቦት 1953 ዓ.ም.፣ ዩኔስኮ የጠራው የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። ብዙዎቹ አገሮች ነፃነታቸውን ያገኙት ገና ትናንት ነበር። ተስፋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ጉባኤው ባወጣው የ20 ዓመት ዕቅድ መሠረት እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ የአፍሪካ ሕፃን ሁሉ አንደኛ ደረጃ ይማራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሱት ውስጥ ከመቶ 20 ያህሉ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ይገባሉ ተባለ። ያ ዕቅድ በስሙ ‘የአዲስ አበባ ዕቅድ’ ይባላል። ስሙን የሰጠችው ከተማ ያለችበት አገር ግን፣ 1980 ሲደርስ፣ ሕፃናቱን ሁሉ ማስተማር ቀርቶ አዋቂውን ከመሃይምነት ለማውጣት ገና ዘመቻ ላይ ነበር።

እስቲ ትንሽ ወደ ውጭ እንውጣ። በእነዚያው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ የአሜሪካ አንዱ ክፍለ ግዛት ካሊፎርኒያ ‘ዋና ዕቅድ’ የሚባል አወጣ። የጦርነቱ ማብቂያ የወለዳቸው ልጆች አድገው በገፍ ወደ ኮሌጅ ሊመጡ ነው፤ ምን እናድርግ ብለው መከሩ። በውጤታቸው ከፍተኛ ከሆኑት ውስጥ ከመቶ 12 ተኩል ያህሉ ወደ ትልቁ የምርምር ዩኒቨርሲቲ፣ እስከ አንድ ሦስተኛ ያሉት ወደ ክፍለ ግዛት ኮሌጆች፣ የቀሩት ሁሉ በየሰፈራቸው ወዳለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ እንዲገቡ፤ ከታች የገባውም በርትቶ ከተማረ ወደ ላይ መሻገር እንዲችል ወሰኑ። ነገሩ ቀላል ይመስላል አይደል? ይሁንና ካሊፎርኒያ ይህን ያቀደችው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ሞልተው ተርፈው ነው። ግፊቱ ከታች ወደ ላይ ነበር። የእኛን አገር ዕቅድ ከእነሱ ዕቅድ ጋር ስታስተያዩት ይህችን ልዩነት ይዛችሁ እዩት።

በአገራችን የአምስት ዓመት የልማት ዕቅድ የተጀመረው በ1950 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው ተከተለ። በዕቅዶቹ ውስጥ የከፍተኛ ትምህርት ጉዳይ የሚታየው በ‘ሠለጠነ የሰው ኃይል’ ስም ነበር፤ ይህን ያህል መሐንዲስ፣ ይህን ያህል የእርሻ ባለሙያ፣ ይህን ያህል መምህር የሚል። በወረቀት ላይ ሰውን እንደ ጤፍ መስፈር አይከብድም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ግን ከወረቀት ወርዶ ገጠር የደረሰ ነበር። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመምህርነት እንዲያገለግል ግዴታ ነበረበት። አንዳንዱ ተማሪ አጉረመረመ። አውራጃው ግን መምህር አገኘ። ተማሪውም የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ፤ ካየ በኋላም ዝም አላለም። ‘መሬት ለአራሹ’ የሚለው ድምፅ የጠነከረው በእነዚያው ዓመታት ነው።

አሁን ጠበቅ አድርጋችሁ የምታዳምጡት ክፍል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1971 እና በ1972 መንግሥት በዓለም ባንክ ድጋፍ ‘የትምህርት ዘርፍ ግምገማ’ የሚባል ትልቅ ጥናት አስጠና። በጥናቱ ብዙ ምሁራን ተካፍለዋል። ጥናቱ ያለው ይህ ነው፦ ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ዕድገት ይገታ፤ ገንዘቡ ለሰፊው ሕዝብ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዋል። ሐሳቡ ብቻውን ሲታይ ክፉ ነው ለማለት ይከብዳል። ከመቶ ዘጠና በላይ ሕዝብ ማንበብ በማይችልበት አገር መሠረቱን ማስፋት ተገቢ ነበር። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጥናቱ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆየ። የመምህራን ማኅበር አልተጠየቀም። ወላጅ አልተነገረውም። ወሬው ሾልኮ ሲወጣ ‘የድኻ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ይቁም፤ የሀብታም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይግባ ተብሏል’ ሆኖ ወጣ። ይህ ወሬ ፍጹም ሐሰት ነበር? እንደ እኔ ግምት ግማሹ እውነት ነበረው። ወንበር ሲያንስ ማን እንደሚቀመጥ ድኻ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ። በነዳጅ ዋጋ የተቆጡ የታክሲ ነጂዎችም እንደዚሁ። ተማሪው ወጣ፤ ወታደሩም በየጦር ሰፈሩ አመፀ። ግምገማው ታጥፎ ተቀመጠ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በእርግጥ ዘውዱን ያወረደው አንድ የትምህርት ጥናት ብቻ አይደለም፤ የወሎ ረሀብ አለ፣ የመሬት ጉዳይ አለ። ሆኖም አንድ የትምህርት ዕቅድ አገር ካናወጡት ነገሮች እንደ አንዱ መቆጠሩ ራሱ የሚያስገርም ነው።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻን ከፈተ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ ዩኒቨርሲቲው ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። የዩኒቨርሲቲው ስምም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1977 የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞችን አንድ ላይ የሚመራ ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ። ይህ በእኔ ዓይን ትልቅ እርምጃ ነው። ያ ዘመን ግን የቀይ ሽብር ዘመንም ነበር። ብዙ የተማረ ወጣት ተገደለ፣ ታሠረ፣ ተሰደደ። ዕቅድ አውጪዎቹ ‘የሠለጠነ የሰው ኃይል’ እያሉ በሚቆጥሩበት ዓመት የሠለጠነው ሰው በአደባባይ ይወድቅ ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ከእናንተ መካከል ወላጆቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 ሸለመው። መሠረቱ ሰፋ፤ የቀንና የማታ ፈረቃ ተማሪ በዛ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚፈተነው ከዓመት ዓመት ጨመረ። ከላይ ያለው በር ግን እንደ ጠበበ ቀረ። በ1977 ዓ.ም. ዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከአዲስ አበባውና ከአሥመራው ጋር ሦስት ሆኑ፤ ከዚያ ሌላ የተወሰኑ ኮሌጆች ነበሩ። የሚቀረውን ጉድለት የሞላው የውጭ ነፃ ትምህርት ነው። ወደ ሶቭየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ኩባ በሺህ የሚቆጠር ወጣት ተላከ። ኩባ የሄዱት ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በጦርነት ያጡ ሕፃናት ነበሩ።

እንግዲህ ወደ እኛ ዘመን ደረስን። በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ለዩኒቨርሲቲ ከደረሰው ወጣት ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኘው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ መንግሥት በሩን በረገደው። መጀመሪያ መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ደቡብ የነበሩት ኮሌጆች ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ወጣ፤ በ1996 ዓ.ም. ተመራቂው ሥራ ይዞ የሚከፍለው የወጪ መጋራት ተጀመረ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ዙር አሥራ ሦስት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ፤ ሌሎች ዙሮችም ተከተሉ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ነው።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ እዚሁ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ሆነን ማየት እንችላለን። ዛሬ ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ውስጥ ባሉት በየከተሞቻችን ሆናችሁ አስቡት። ከለገዳዲ የደሴን መንገድ ይዞ የሚሄድ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል። ከሱሉልታ በጫንጮ አድርጎ ፍቼ የሚወጣ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲን ያገኛል። ከቡራዩ በሆለታ በኩል የሚሄድ አምቦ ይደርሳል፤ የአምቦው ከእርሻ ትምህርት ቤትነት ተነስቶ ያደገ ነው። ከሰበታ በወሊሶ በኩል የሚሄድ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲን ያገኛል። በአራቱም መንገድ! በአያቶቻችን ዘመን አራቱም መንገዶች የሚያደርሱት ወደ አራት ኪሎ ብቻ ነበር። ይህን ያህል ማደጉ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያጣጥለውን ሰው አልወድም። የገበሬ ልጅ፣ በተለይም የገበሬ ሴት ልጅ፣ በዚህ በር ገብታለች።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ለገዳዲ ያለን ሰዎች ግድብ ምን እንደሆነ እናውቃለን። አዲስ አበባ ከዚህ ግድብ ውኃ ስትጠጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ቧንቧ መዘርጋት አንድ ሥራ ነው፤ በዙሪያው ካለው ጋራ ውኃ ወደ ግድቡ መውረዱ ሌላ ሥራ ነው። ጋራው ከተራቆተ የሚወርደው ደለል ነው። የእኛ ዕቅድ ቧንቧውን በፍጥነት ዘረጋ፤ ጋራውን ግን በዚያው ልክ አልተንከባከበውም። በኮተቤ ጊዜ የነበረው ቅደም ተከተል ተገለበጠ ማለት ነው። የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ሞሉ፣ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት ልጅ አንድ ሆነ፤ መምህሩ ራሱ በሚገባ ያልተማረውን እንዲያስተምር ተመደበ። አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎችም ትናንት የተመረቀ ልጅ ዛሬ አስተማሪ አድርገው ሥራ ጀመሩ። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 70 ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ከመቶ 30 ማኅበራዊ ትምህርት ይማር ተባለ፤ ከሁሉ ብዙውን ድርሻ ምሕንድስና ወሰደ። ፋብሪካው ግን እንደ ዕቅዱ ቶሎ አልመጣም። የምሕንድስና ዲግሪ ይዞ ሥራ ፈላጊ የሆነ ልጅ በየሰፈራችን አለ፤ ስም መጥራት አያስፈልገኝም።

የዓመታቱ ቁጥር እንኳ አልረጋም። በ10 ሲደመር 2 ሥርዓት አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ዓመት ወደ መሰናዶ ትምህርት ቤት ወረደ፤ ዲግሪው ሦስት ዓመት ሆነ። በ2012 ዓ.ም. እንደገና ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ፈተናውም እንዲሁ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ በመገኘቱ ተሰረዘ፤ በሌሎች ዓመታትም የኩረጃ ወሬ አልጠፋም።

አሁን ደብተራችሁ ላይ ከ33 ቀጥሎ ሌላ ቁጥር ጻፉ፦ 3.3። በሁለቱ ሦስቶች መካከል ነጥብ አድርጉ። ሦስት ነጥብ ሦስት ተብሎ ይነበባል። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው፣ ኩረጃ በማይቻልበት ሁኔታ እንዲፈተኑ ተደረገ። ከ896 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈተነ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ወደ 30 ሺህ የሚጠጋ ነበር፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለመረዳት ቀላሉ መንገድ እንዲህ ነው፦ ከ1 ሺህ ተማሪ 33። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆነ።

ሕዝቡ ያኔ ደነገጠ። አንዳንዱ ‘ፈተናው ከበደ’ አለ። እኛ የታችኛው ክፍል መምህራን ግን ብዙም አልደነገጥንም። ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ ማንበብ ያልቻለ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን፤ ከክፍል ወደ ክፍል ያሳለፍነውም እኛ ነን፣ እንዳናስቀር የታዘዝነውም እኛ ነን።

ከዚህ በኋላ ታሪክ አይቶት የማያውቀው ነገር ሆነ። በ1943 ዓ.ም. ተማሪ አለ፣ ወንበር ጠፋ። በ2015 ዓ.ም. ወንበር አለ፣ ያለፈ ተማሪ ጠፋ። ከ40 በላይ ዩኒቨርሲቲዎችን መሙላት ስለማይቻል ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ተከፈተ፤ ግማሹን ካላመጡት ውስጥ የተሻሉት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት እንደገና ተምረው ይፈተናሉ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ከወጣው ፍኖተ ካርታ ወዲህ በሦስት ዓይነት ተመደቡ፦ የምርምር፣ የተግባር ሳይንስ እና አጠቃላይ ተብለው። የካሊፎርኒያን ሦስት እርከን ያስታወሰ ሰው ተመሳሳይነቱን ያያል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ ራስ ገዝ ሆነ፤ ራሱ ተማሪውን ይመርጣል፣ ራሱ በጀቱን ያስተዳድራል። ለሌሎችም መንገዱ ተከፍቷል።

በዚህ ላይ እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ሲያጥረው ከማን ይጠይቃል? ከመንግሥት? ከተማሪው አባት? የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተማሪ፣ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ፣ የለገዳዲ የቀን ሠራተኛ ልጅ ክፍያውን ከየት ያመጣሉ? በ1966 ዓ.ም. መምህሩና ወላጁ ያልተጠየቁት ጥያቄ ይኸው ነበር። በትምህርት ቤታችሁ የወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ ይህን ጥያቄ ማንሳት ትችላላችሁ፤ ቃለ ጉባኤውንም አሁን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ ነጥብ ያለበትን ቁጥር እንዴት እንደሚደመር እንማራለን። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። ደህና ዋሉ።